ውሻም መኪናም ላለው ተከራይ የትኛው ይሻላል? ሰሚት፣ ገርጂ፣ ቦሌ ቡልቡላ ወይስ ለቡ?

ጥያቄ፦ ጉለሌ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጉለሌ ለመልቀቅ የኪራይ ቤት እየፈለግን ነው። እኔ የምሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው፣ ባለቤቴ መገናኛ። አንድ የ3 ዓመት የጀርመን ሼፐርድ ድቅል አለን፤ 32 ኪሎ፣ የተኮላሸ፣ ሰው የማይተናኮል፣ ግን በር ሲንኳኳ ጩኸቱ ከባድ ነው። መኪናችን የኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ወደ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ ቻርጀሩ ከመኪናው ጋር የመጣው ተንቀሳቃሹ ነው።

ያየናቸው ቤቶች አራት ናቸው፦ ሰሚት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ባለ 2 መኝታ፤ ገርጂ ቪላ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ፣ አከራዮቹ ዋናው ቤት የሚኖሩበት፤ ቦሌ ቡልቡላ የጂ+1 ምድር ቤት፤ ለቡ ሙሉ ግቢ። ኪራያቸው ብዙም አይራራቅም። የትኛውን ትመርጣላችሁ? ቤቱን ስናይስ ምን ምኑን እንመርምር? ደላሎቹ ስለ ውሻው ስንነግራቸው "ችግር የለም" ይላሉ፤ ነገሩ የሚቀየረው አከራዩ ፊት ስንቀርብ ነው።


መልስ፦ የቦሌ_ሾፌር

ለቡን ከዝርዝሩ አውጡት። ሙሉ ግቢ መሆኑ ያጓጓል፤ ግን ሁለታችሁም በየቀኑ ከተማዋን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ልታቋርጡ ነው። ነዳጅ ባትገዙም መንገድ ላይ የምታጠፉት ሰዓት ሁሉ ውሻው ብቻውን በሚቆይበት ሰዓት ላይ ይደመራል። ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚውል ሼፐርድ ደግሞ በር ይቧጥጣል፣ ያለቅሳል፣ አጥር ሥር ይቆፍራል። የጎረቤት ስሞታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ለቀሩት ሦስቱ ሰፈሩን ከማወዳደራችሁ በፊት በሩን መርምሩ። መኪና ሲገባና ሲወጣ የግቢው በር ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ውሻ የሚያመልጠው በዚያች ደቂቃ ነው። መኪናው እየተንቀሳቀሰ ውሻው ጎማ ሥር የሚገባውም ያኔ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ግቢ በውስጡ ሁለተኛ በር ያለው ወይም ሊሠራበት የሚችል ነው፤ ከውጭው በር እስከ ውስጠኛው አጥር መኪናው ብቻ የሚቆምበት፣ ከዚያ ወዲያ ውሻው የሚፈታበት። ለመኪናው 6 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃል። ውስጠኛውን አጥር ብየዳ ቤት በቱቦላሬና በሽቦ ይሠራላችኋል። ለሼፐርድ ቁመቱ ከ1.8 ሜትር አይነስ፣ ከዚያ ካነሰ ይዘለዋል። ሽቦውን ከመሬት ጋር በሲሚንቶ አስይዙት፣ ካልሆነ ከሥሩ ቆፍሮ ይወጣል።

ቤት ለማየት ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ከበሩ ፊት ያለው መንገድ 6 ሜትር ከሆነ 3 ሜትር የሚከፈት በር በቂ ነው። መንገዱ 4 ሜትር ከሆነ ግን መኪናው ሳይታጠፍ በሩ ላይ ስለሚደርስ 3.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በየማታው ሦስት አራቴ ወደፊትና ወደኋላ ማለት ነው፣ በሩም ያን ያህል ጊዜ ክፍት ይቆያል። ወደ ውስጥ የሚከፈት ባለ ሁለት ተካፋች በር ከመኪና ማቆሚያው ላይ 1.5 ሜትር ይበላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳይለካ ይዋዋልና በሩ ከመኪናው ኋላ አልዘጋ ይለዋል። በበሩና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ውሻው አፍንጫውን አውጥቶ መንገደኛ ያስደነግጣል። ላሜራ አስቀጥሉበት።

ሌላው መሬቱ ነው። ሰሚት፣ ጎሮና ቦሌ ቡልቡላ ብዙው ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲመጣ አፈሩ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አጥሩ ሲንቀሳቀስ የበሩ ዓምድ ያዘነብላል፣ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም። በሐምሌ የማይዘጋ በር ያለበትን ግቢ በሚያዝያ አይታችሁ አታውቁትም። ዓምዱ አናት ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም መቀርቀሪያው ሁለት ሦስት ጊዜ ቦታው ተቀይሮ የተበየደበት ምልክት ካለ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ካልተነጠፈ ክረምቱን ጭቃ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከሆዱ ሥር ስለሆነ ጭቃው ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ ከሌላው መኪና ይልቅ እሱን ይጎዳል።

ለሥራችሁ ቅርቡ ገርጂ ነው፣ ወደ ቦሌም ወደ መገናኛም። በዕድሜ የገፉ ቪላዎች ስላሉበት ግቢው ሰፋ ይላል። ከሰሚት ወደ መገናኛ የሚወስደው የሲኤምሲ መንገድ መሃሉ በባቡር ሐዲድ ስለተከፈለ በፈለጋችሁበት መዞር አትችሉም፤ መዞሪያ ካመለጣችሁ ቀጣዩ ሩቅ ነው። ቡልቡላ በካርታ ስታዩት ለቦሌ ቅርብ ነው፣ ግን መውጫው ጥቂት ስለሆነ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ይታፈናል። ቤቱን ያያችሁት እሁድ ከሆነ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤቱ ደጅ ተነሥታችሁ እስከ ሥራ ቦታችሁ ንዱ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በኮሪደር ልማት በታደሱት ዋና መንገዶች ዳር መኪና እንዳሻችሁ ማቆም አይቻልም፤ ከተመደበው ማቆሚያ ውጭ ያስቀጣል። "መኪናውን ደጅ ታቆሙታላችሁ" የሚል አከራይ ያለው ቤት ለእናንተ አይሆንም።


መልስ፦ ሰሚት_ብሎክ

ኮንዶሚኒየምን እንዲሁ አትጣሉት፤ ግን 3ኛ ፎቁን ተዉት። የተለመደው ብሎክ ጂ+4 ነው፣ አሳንሰር የለውም። ትልቅ ውሻ በቀን ቢያንስ ሦስቴ ይወርዳል፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ውሻ የሚፈራም፣ በሃይማኖቱ ምክንያት የውሻ ምራቅ እንዳይነካው የሚጠነቀቅም ጎረቤት አለ፤ ሁለቱም መብታቸው ነው። ደረጃው ላይ ማሰሪያውን አጭር ይዛችሁ በግድግዳው በኩል አስኪዱት። ምድር ቤት ካገኛችሁ ይህ ሁሉ ይቀላል።

ከመዋዋላችሁ በፊት ወደ ነዋሪዎች ማኅበሩ ቢሮ ሂዱና መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበሩ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል፤ ደንቡ ተከራዩንም ይይዛል። አከራያችሁ ውሻ ቢፈቅድ እንኳ የብሎኩ ደንብ ከከለከለ የአከራዩ ቃል አያድናችሁም። ደንቡ ስለ ውሻ ዝም ካለ ለኮሚቴው በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ።

መኪናን በተመለከተ፣ አብዛኛው ቦታ የተመደበ ማቆሚያ የለም፤ ቀድሞ የገባ ይይዛል። ለጥበቃ የሚከፈለውን ወርኃዊ መዋጮና የመኪና መለያ ወረቀቱን ጠይቁ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ግቢው ምን ያህል እንደሞላ እዩ። ስፖኪዮ የሚነቀለው መብራት በሌለበት ጥግ ነውና ፓውዛው የሚደርስበትን ቦታ ለዩ።

የጋራ ማብሰያና ማረጃ የሆነው ኮሚናል ቤት ከብሎኩ ምን ያህል እንደሚርቅም ተመልከቱ። በፋሲካና በገና ማግስት እዚያ አካባቢ አጥንትና አንጀት ይጣላል፤ የሰፈር ውሾች ለቀናት ይሰበሰባሉ። የቆሻሻ ገንዳና ሥጋ ቤት አጠገብም እንዲሁ ነው። የእናንተን ውሻ በማሰሪያ ይዛችሁ መንጋ መሃል ብትገቡ የሚነከሰው እሱ ብቻ አይደለም።


መልስ፦ ቆጣሪ_ጠጋኝ

በመኪናው በኩል ቤቱን የሚወስነው ኤሌክትሪኩ ነው። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ከ30 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት 30 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ተራው ሶኬት ላይ በ10 አምፒር ከሞላችሁ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ ብክነቱ ተጨምሮ 15 ሰዓት ይፈጃል። በ16 አምፒር 3.5 ኪሎዋት ስለሚሆን ከ9 እስከ 10 ሰዓት፣ ማለትም ማታ ተሰክቶ ጠዋት ይደርሳል። በ32 አምፒር 7 ኪሎዋት ይሆንና 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህ ግን ግድግዳ ላይ የሚታሰር ሌላ ቻርጀር፣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይጠይቃል። ለእናንተ የ16 አምፒሩ ይበቃል። 2.5 ሚሊ ሽቦ ከማከፋፈያው በቀጥታ ይሳብ፣ መሃል ላይ ሌላ ሶኬት አይንጠልጠልበት። ርቀቱ ከ20 ሜትር ካለፈ 4 ሚሊ አድርጉት። ከ3ኛ ፎቅ በረንዳ በኤክስቴንሽን ማውረድን እርሱት፤ ለሰዓታት ሙሉ ጭነት ሲሸከም ተሰኪው ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሣል።

በብዙ የኪራይ ቤቶች ትልቁ ችግር የመሬት ሽቦ ነው። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው ከምንም ጋር አይገናኝም። ተንቀሳቃሽ ቻርጀሮች አብዛኞቹ ግራውንድ ካላገኙ ቀይ መብራት አብርተው እምቢ ይላሉ። ቤቱን ለማየት ስትሄዱ ቻርጀሩን ይዛችሁ ሂዱና መኪናው በሚቆምበት ቦታ ሰክታችሁ ሞክሩ። እምቢ ካለ ኤሌክትሪሺያን የመዳብ ዘንግ ቀብሮ መለካት አለበት፤ ከ10 ኦም በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ኒውትራሉን ከግራውንዱ ቀዳዳ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን የሚያታልል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የመኪናው አካል ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ መጀመሪያ የሚነካው እርጥብ መሬት ላይ የቆመው ውሻ ወይም በሩን የሚከፍተው ሰው ነው።

የመኖሪያ ቤት ታሪፉ በደረጃ ነው የሚጨምረው፤ የፍጆታው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል፣ የላይኛው እርከን ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያለው ነው። ከአከራዩ ጋር አንድ ቆጣሪ ከተጋራችሁ የእናንተ መኪና የእነሱንም ሂሳብ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋዋል። ጠብ የሚነሣው በሁለተኛው ወር ነው። ንዑስ ቆጣሪ አስገቡ፤ የምትከፍሉትም በኪሎዋት ሰዓት የቱን ዋጋ እንደሆነ ጻፉት።

የቻርጀሩን ገመድ ውሻ ያኝከዋል። ሶኬቱ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፣ ገመዱ መሬት ላይ አይጎተት።


ጉለሌ_ልጅ፦

በጣም አመሰግናለሁ። የገርጂውን ጠየቅን፦ ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ንዑስ ቆጣሪ ብናስገባ ግን አይቃወሙም። በሩ 3.2 ሜትር ይከፈታል፣ ፊቱ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው። አዲስ የሰማነው፣ ግቢው ውስጥ የእነሱ አንዲት ሴት ውሻ አለች፤ ቀን ታስራ ማታ ትፈታለች። ክትባቷን አያውቁትም። ከዚህ በፊትም ቡችላ ሞቶባቸዋል። ይህ ቤቱን ያስጥላል?


መልስ፦ ለውሻ_ሐኪም

አያስጥልም፤ ግን ከመግባታችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

ቡችላው በምን እንደሞተ ጠይቁ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ማስመለስ ከነበረ ፓርቮ የሚባለው የውሻ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ ጥላ ባለበት እስከ ዓመት ይቆያል። የ3 ዓመት ውሻችሁ የቡችላነት ክትባቱን ጨርሶ ማጠናከሪያውን ከወሰደ ስጋቱ ትንሽ ነው። መዝገቡ ከሌለ ወይም ጊዜው ካለፈ አሁኑኑ አስከትቡት፤ አካሉ መከላከያ እስኪገነባ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳልና በመግቢያችሁ ሳምንት ማስከተብ ረፍዷል። ሲሚንቶውን በሳሙና አጥባችሁ ቆሻሻው ከለቀቀ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ 10 ደቂቃ አቆዩትና አለቅልቁ። ቆሻሻው ላይ በረኪና ማፍሰስ ዋጋ የለውም። አፈሩን በዚህ ማጽዳት አይቻልም፤ ጠጠር አስደፉበት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሁለቱም ይሰጥ። መጀመሪያ በ3 ወር ዕድሜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። የሴቷን ወጪ እናንተ ብትሸፍኑ ከማንኛውም ጣጣ ይረክሳል፤ አከራዮቹም በበጎ ያዩታል። የምስክር ወረቀቱን ከኪራይ ውሉ ጋር አኑሩት፤ ውሻው ሰው ቢቧጭር መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ውሻው ደግሞ አይገደል፣ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። በእነዚህ 10 ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በምራቁ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው።

የተኮላሸ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ግን ሴቷ ወንድ ስትፈልግ የሰፈሩ ወንድ ውሾች ሁሉ በሩ ላይ ያድራሉ፣ ድብድብም ይነሣል። ይህ በዓመት ሁለቴ ገደማ ይመጣል፣ በየጊዜው እስከ 3 ሳምንት። እንድትመክን አከራዮቹን አሳምኗቸው። ሁለቱን መጀመሪያ የምታገናኟቸው ከግቢው ውጭ፣ ሁለቱም በማሰሪያ ሆነው ጎን ለጎን እየሄዱ ነው። የእሷ ግቢ ውስጥ ድንገት ከለቀቃችሁት ትከላከላለች። የምግብ ሳህናቸውን ለየብቻ አድርጉ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አንድ ቀን ወደ ሰፈሩ ሂዱ። ቅርብ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ካለ ብዙ ሼፐርዶች አብረው ያላዝናሉ፤ ቤት ውስጥ ካደረ ይቀንሳል። ቡልቡላን ካሰባችሁ የአውሮፕላኑን ድምፅም አስቡ። በወንዝ ዳርና ገና ባልተገነቡ ባዶ ቦታዎች አጠገብ ጅብ ሌሊት ይመላለሳል፤ እዚያ ውሻ ውጭ ታስሮ ማደር የለበትም፣ የታሰረ ውሻ መሸሽም መከላከልም አይችልም።

32 ኪሎ ውሻ በቀን እስከ 2 ሊትር ይጠጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግቢ ማጠቢያውም ሲታከል 1,000 ሊትር ሮቶ ለሁለት ቤተሰብ አይበቃም። የአይጥ መርዝ የት እንደሚያስቀምጡ ጠይቁና አስነሡ። ከመኪና የሚንጠባጠብ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ ጥቂቱም ኩላሊት ያበላሻል፤ የአከራዮቹ መኪና ሥር ባለ ቀለም ጠብታ ካለ እንዲያሠሩት ንገሯቸው።


መልስ፦ ውል_አንባቢ

ውሉን በቃል አትተዉት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ "የስድስት ወር አምጡ" የሚል ካለ ይህን አንቀጽ አሳዩት። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል። በቃል አንድ ዋጋ ተስማምቶ በውሉ ላይ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብን እሺ አትበሉ፤ ኋላ ጠብ ሲነሣ የከፈላችሁትን ማስረዳት አትችሉም።

ስለ ውሻው ለብቻው አንቀጽ አስገቡ። "ተከራይ ውሻ ማኖር ይችላል" ብቻ አይበቃም። የውሻው ዓይነት፣ ቀለም፣ ክብደት፣ የክትባት ቀን ይጻፍ፤ ማታ የት እንደሚያድር፣ የግቢው የቱ ክፍል ለእሱ እንደሚፈቀድ፣ በርና ሣር ቢበላሽ ማን እንደሚያሠራ ይገለጽ። የምትሠሩት ውስጠኛ አጥርና የምትዘረጉት የኤሌክትሪክ መስመር ስትለቁ የማን እንደሚሆንም ከአሁኑ ጻፉት፤ ካልጻፋችሁት ሽቦውን ነቅላችሁ ስትሄዱ ክርክር ይነሣል። ለመኪናው "አንድ መኪና በግቢው ውስጥ፣ ከበሩ በስተቀኝ" እስከማለት ድረስ ግልጽ ይሁን። የአከራዩ ልጅ ነገ መኪና ሲገዛ የሚያድናችሁ ያ ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሳያስበው አምልጦት ቢሆንም ያው ነው። "በሩን የከፈቱት አከራዮቹ ናቸው" ማለት ከተጎጂው አያድንም። ስለዚህ ውጭኛውን በር ማን መቼ እንደሚከፍት ከአከራዮቹ ጋር ተነጋገሩ፤ ለልጆቻቸው፣ ለሠራተኛዋና ለጥበቃውም ንገሩ።

ከመፈረማችሁ በፊት የቤቱን ካርታ ለማየት ጠይቁ፣ በላዩ ያለው ስም ከሚፈርመው ሰው መታወቂያ ጋር ይመሳከር። በውክልና ከሆነ የውክልናው ሰነድ ማከራየትን በግልጽ ይጥቀስ። ቤቱ ዋና መንገድ ወይም ወንዝ አጠገብ ከሆነ ወረዳው ጋ ሄዳችሁ በልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ጠይቁ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲነሣ ተከራዩም አብሮ ነው የተነሣው፤ ውሻ ያለው ሰው ደግሞ በአንድ ሳምንት ሌላ ቤት አያገኝም።

ከደላላው ጋር የምትከፍሉትን ኮሚሽን አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ የሚከፈለውም ስለ ውሻው ያለው አንቀጽ ተጽፎ ሲፈረም መሆኑን ንገሩት። ያኔ ውሻውን ለአከራዩ ራሱ ያስረዳላችኋል። ለመጨረሻው ጉብኝት ውሻውን ይዛችሁ ሂዱና አከራዩ አይቶት ይፈርም።


መልስ፦ የቦሌ_ሾፌር

በሩ 3.2 ሜትር ከሆነና ፊቱ ኮብልስቶን ከተነጠፈ እኔ ገርጂን እወስዳለሁ። የቀራችሁ የመንገዱን ስፋት መለካትና ቻርጀሩን ሰክቶ መሞከር ነው። መሬት ሽቦ ከሌለና አከራዮቹ ዘንግ ማስቀበር ካልፈቀዱ ወደ ቡልቡላው ሂዱ፤ እዚያ ደግሞ ላይኛው ፎቅ ማን እንደሚኖር፣ መኪና እንዳለውና ማታ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠይቁ። የእሱ መኪና ከእናንተ ኋላ የሚቆም ከሆነ በየጠዋቱ ቁልፍ ለመጠየቅ በሩን ልታንኳኩ ነው፣ ውሻችሁም በየጠዋቱ ይጮኻል።